ለእሜቴ ዋስ የሆንኩበት ክረምት

ውጫሌ መናኸሪያ አጠገብ አንዲት ሴት ማዳበሪያ አንጥፋ ብርቱካን ደርድራለች። ባጃጁ እስኪሞላ እየጠበቅኩ ስለነበር ጎንበስ ብዬ አንዱን አነሳሁና አሸተትኩት። ምንም አይሸትም።

«ከየት የመጣ ነው?» አልኳት።

«ከሩቅ ነው እህቴ፣ በመኪና ነው የሚመጣልን። የኛማ የት አለና፣ ሁሉም ጫት ሆኖ።»

ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኸው ነው። እኔ የምሄደው ወደ አጎቴ ወደ ጀማል ቤት ነው፤ ከበሩ እስከ ምንጩ ድረስ ያለው ጫት ነው። ከጫቱ በፊት ምን እንደነበረ ሴትዮዋ ልትነግረኝ አይገባም።

ፍሬውን ልመልስላት ስል ጫፉ ላይ አንዲት ደረቅ ቅጠል ተጣብቃ አየሁ። ሳላስበው በጣቶቼ መሀል አሸኋት። ያኔ ሽታው መጣ። ሰው ስለ ብርቱካን ሽታ ሲያወራ ፍሬውን ያነሳል። አያቴ ግን «ፍሬው ለአፍ ነው፤ ሽታው ያለው ቅጠሉ ላይ ነው» ይሉ ነበር። የእሳቸው ብርቱካን ከነቅጠሉ ገበያ ወርዶ አያውቅም።

ልጅ ሳለሁ አንድ ዓመት፣ ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቴ ወንድሜን አርግዛ ተኝታ ነበር። ሐይቅ ከተማ ያለው ቤታችን ጠባብ ነው፣ እኔ ደግሞ እግሬ የማያርፍ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ይዞኝ ወጣና አምባሰል ውስጥ ትርንጎ ውሃ በምትባለው የእናቴ መንደር ለአያቴ ለአባባ ይማም አስረክቦኝ ተመለሰ። ከመኪናው መንገድ ወዲያ ያለው በእግር ነው፣ ሽቅብ፣ ገደሉን ታክኮ። ተራራው ሥር ስንደርስ ጨርሰናል ብዬ ጫማዬን አወለቅኩ። አባቴ እስኪበቃው ስቆ መልሶ አጠለቀልኝ።

ትርንጎ ውሃ ተራራው ጉያ ውስጥ የተሸጎጠች መንደር ናት። ከዓለት ሥር የምትፈልቅ ምንጭ አለች፤ በምንጯ ዙሪያ ያለው ሁሉ ዛፍ ነበር። ከላይ ኮክ፣ ዝቅ ሲል ሮማንና ትርንጎ፣ ከታች ውሃው በቦይ የሚደርስበት ላይ ብርቱካን። ማን እንደተከላቸው የሚያውቅ አልነበረም። አባባን ብጠይቃቸው «የተከለው በልቶ ሄዷል። እኛም በልተን እንሄዳለን» አሉኝ። ወዴት እንደሚሄዱ ስላልነገሩኝ ለብዙ ቀን ዓይኔን ከእሳቸው አላነሳሁም፣ ሳይነግሩኝ እንዳይሄዱ።

ሰው ዛፎቹን ሊጠይቅ ይመጣ ነበር። እንዲያ ነው የሚሉት፣ «ዛፎቹን ልጠይቅ መጣሁ»፤ ዘመድ እንደሚጠየቀው። ከገበያ የሚመለስ ጥላ ሥር አረፍ ይላል፣ ሙሽሮች ይመጣሉ፣ ትርንጎ ያማረው በሽተኛ ሳይቀር በቃሬዛ ይመጣል። የመጣ ሰው ቁጭ ብሎ እስኪጠግብ ይበላል፣ ከፋይም አስከፋይም የለም። ግን ቅጠልና ችግኝ ከዚያ ግቢ አይወጣም። ገበያ የሚወርደውን ብርቱካን እንኳ አባባ ቅጠሉን እየቀነጠሱ ነበር ቅርጫት ውስጥ የሚጥሉት። «ቅጠሏ የሄደ ዛፍ ልቧም ይሄዳል» ይሉ ነበር። ደግሞ ባልበሰለ ፍሬ ላይ ጣት አይቀሰርም። ማሳየት የፈለገ በአገጩ ወይም በክርኑ ያሳያል። በመጣሁ ማግስት «ያቺን ስጡኝ» ብዬ ጣቴን ስዘረጋ አባባ እጄን ያዙና ጣቶቼን አንድ በአንድ አጥፈው በጡጫ አስቀሩኝ።

ጠዋት ጠዋት ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወደ ዛፎቹ ይወርዳሉ፣ እኔም ከኋላቸው። እያንዳንዱን ግንድ በመዳፋቸው ነካ ያደርጉና «አሰላሙ አለይኩም» ይላሉ። ከዚያ ትንሽ ይቆማሉ። እኔም ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ መልሱን እጠብቃለሁ። አንድ ጠዋት ከቅጠሉ ላይ ጤዛ ጠብ ሲል ሰማሁና ገባኝ፤ በቋንቋቸው እየመለሱ ነው ማለት ነው። ይህንን ስነግራቸው አባባ አልሳቁብኝም።

«ጆሮ አለሽ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ጠብታው እስኪወርድ አብረን እንጠብቅ ነበር።

ከሁሉም ትልቋ እሜቴ ትባላለች። ግንዷ ጎብጦ በባላ የተደገፈ ነው፤ ከጎኗ እኔን ሙሉ የሚያስገባ ሽንቁር አላት። ሌሎቹ ብርቱካኖች ከእሷ ነው የተወለዱት ይባላል። እሜቴ ግን ካለፈው ዓመት ጀምሮ ፍሬ ነስታ ነበር። ዛፍ ፍሬ ሲነሳ ደግሞ በዚያ አገር አንድ ሥርዓት አለ። ባለቤቱ ስለሚሳሳላት አያስፈራራትም፤ የሚያስፈራራት ጎረቤት ነው።

ጎረቤታችን መሪጌታ ተኮላ ነበሩ። የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፤ ከምንጩ በላይ ያለው ኮክ የእሳቸው ነው። ከአባባ ጋር አብረው ያደጉ፣ አብረው ያረጁ ናቸው። በዓል በመጣ ቁጥር አንዱ ሌላውን ሲጋብዝ የሚያሳርደው የእንግዳውን ሃይማኖት ሰው አስጠርቶ ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ምሳር ተሸክመው መጡ። አባባ ቤት ያለችው አክስቴ አስቀድማ የምለውን አስጠንታኛለች፤ የምሳሩን ነገር ግን አልነገረችኝም።

«ይማም፣ ይቺ ምንድን ናት?» አሉ መሪጌታ፣ ጮክ ብለው፣ ዛፏ እንድትሰማ።

«ብርቱካን ናት» አሉ አባባ።

«ብርቱካን ያፈራል። ይቺ ምን አፈራች?»

አባባ ባላውን በእጃቸው ደገፉ።

«እንግዲያ ማገዶ ናት» ብለው መሪጌታ ምሳሩን አነሱና በጀርባው ግንዷን መቱት። ድምፁ ሽንቁሩ ውስጥ ገብቶ ሲያስተጋባ ያጠናሁት ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ። ሮጬ ግንዷን አቀፍኩ።

«አይቁረጧት፤ እኔ ዋሷ ነኝ» አልኩ። ይህ ከተጠናው ውስጥ ነበር። ማልቀሱ ግን አልነበረበትም።

«ዋስነትሽ እስከ መቼ ነው?»

«እስከ ዓመት። ለዓመት ታፈራለች።»

«ባታፈራስ?»

«ባታፈራ እኔን ይያዙኝ።»

«በቃ፣ በዋስ ተለቃለች። ዓመት እስኪሞላ ምሳር አይነካትም» አሉና ምሳሩን መሬት ላይ አስተኙት። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፣ ቆሎ ተበላ፣ ዱዓ ተደረገ። መሪጌታም እጃቸውን ዘርግተው «አሜን» አሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አባባ ዘሀራ ብለው ጠርተውኝ አያውቁም፤ «ዋሴ» ሆነ ስሜ። ሐይቅ እቤታችን ውስጥ ማንም በምንም ነገር አምኖኝ አያውቅም ነበር፣ ጨው እንኳ የሚላከው በትልቋ እህቴ ነው። አሁን ግን አንድ ሙሉ ዛፍ በእኔ ቃል ቆማለች። ብቻዬን ስሆን ሽንቁሩ ውስጥ እገባና «እባክሽ እንዳታዋርጂኝ» እላታለሁ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ፣ አንድ ጠዋት የእሜቴ ቅጠሎች ላይ ክብ ክብ ነገር አየሁ። መሀሉ ቡናማ፣ ዙሪያው ቢጫ፣ ልክ እንደ ዓይን። ዋስትናዬ የሠራ፣ ዛፏ የነቃች መሰለኝ። እየሮጥኩ ወጣሁና አባባን ከበሩ ላይ ያዝኳቸው።

«አባባ፣ የምሥራች።»

«ምሥር ብዪ» አሉኝ እየሳቁ። ዱላቸውን ይዘው ተከተሉኝ። ቅጠሉን አገላብጠው አዩት። ሳቁ ከፊታቸው ላይ ሲወርድ አየሁ፤ ለምን እንደወረደ ግን አልገባኝም። ቅጠሉን ቀጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ያን ቀን ሌሎቹን ዛፎች ሰላም ሳይሉ ተመለሱ።

አጎቴ ጀማል ውጫሌ ወርዶ የግብርና ባለሙያ ይዞ መጣ። ቦቲ ጫማ ያደረገች ወጣት ሴት ናት፤ ዳገቱ ፊቷን ቲማቲም አስመስሎታል። ጎበዝ ነበረች፣ ያን ዛሬ አውቃለሁ። ሳትሰለች እያንዳንዱን ዛፍ አየች። ያጠፋችው ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነው። ከእሜቴ ቀጥሎ ካለው ዛፍ ሥር ቆማ፣ ጥሬው ፍሬ ላይ ጣቷን ቀሰረችና «እዚህ ላይም ጀምሯል» አለች።

አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሴትዮዋ የሆነውን አላወቀችም፣ መናገሯን ቀጠለች። በሽታው በነፋስና በዝናብ ጠብታ እንደሚተላለፍ፣ ክፉኛ የታመመችው አሮጊቷ ዛፍ እንደሆነች፣ አሁኑኑ ተቆርጣ ከነቅጠሏ ካልተቃጠለች ሌሎቹን ሁሉ እንደምትጨርስ፣ ከዚህ ግቢም ቅጠልና ችግኝ እንዳይወጣ ነገረችን። የመጨረሻውን ስትል አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያንን ቀድሞም ያውቁታል።

«አባ፣ እንቁረጣት» አለ ጀማል። «አንዷን ሰጥተን ሌሎቹን እናትርፍ።»

«ዋስ አላት» አሉ አባባ።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይሆንም አባ። እርስዎ ነዎት ይህን ያስተማሩኝ።»

«ያቦካነው እኛ ነን፣ እሷ አይደለችም።»

ሴትዮዋ ስለ ምን እንደሚወራ ጠየቀችና ነገሯት። አፍንጫዬ እየፈሰሰ ከአባባ ጀርባ ቆሜ ነበር። አየችኝ፣ አልሳቀችም።

«አባቴ፣ በሽታው እኮ ዋስ አያውቅም» አለች ቀስ ብላ።

«እኔ አውቃለሁ» አሉ አባባ።

ሳምንት ሳይሞላ ጣት የተቀሰረበት ፍሬ ወደቀ። ለእኔ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ፤ በሽታውን ያመጣችው ሴትዮዋ ናት። የእኔስ የልጅ ነው። የሚያሳዝነው ትልልቆቹም ውስጥ ውስጡን እንዲያ ማለታቸው ነው። ምክሯን ለመጣል ሰበብ ላጣ ሰው ጣቷ ሰበብ ሆነለት።

ጀማል አንድ ቀን ምንጩ ላይ ብቻዬን አገኘኝ።

«ዘሀራዬ፣ አካሌ» አለኝ፣ «አንድ ቃል ብቻ ነው። ከዋስትናዬ ወርጃለሁ በያቸው።»

«ዋስ አይከዳም» አልኩት።

«ማን አለሽ?»

«አባባ።»

ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን ታጠበ፣ ደጋግሞ ታጠበ። ፊቱ ግን ቆሻሻ አልነበረውም። ዛሬ ሰው ጀማልን ዛፉን አጥፍቶ ጫት ተከለ ብሎ ሲያማው፣ ያ የታጠበ ፊት ይመጣብኛል።

ነሐሴን ያሳለፍነው ድምፅ እየሰማን ነው። ጥሬ ፍሬ ርጥብ መሬት ላይ ሲወድቅ ዱብ ይላል። እያወራን ዱብ፣ እየበላን ዱብ። አባባ በእያንዳንዱ ድምፅ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንዱን አንስቼ ብቀምሰው ምላሴን አሰረኝ። ሰው አሁንም ዛፎቹን ሊጠይቅ ይመጣል፣ አመጣጡ ግን ለቅሶ ሆነ። ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፣ የሚበላ የለም። «አላህ ያብጀው» ይላል አንዱ። «እግዜር ያጽናህ ይማም» ይላል ሌላው። መሪጌታ ከታቦታቸው ደጅ ጠበል አምጥተው ረጩ፣ አባባ ቁርዓን ቀሩ። ቢጫው ዓይን ግን ከዛፍ ወደ ዛፍ ወረደ፣ ልክ ሴትዮዋ እንዳለችው።

«ይማም፣ ዋሱን የተቀበልኩት እኔ አይደለሁም ወይ?» አሉ መሪጌታ አንድ ከሰዓት። «እኔው ልተወው። ይቅር በለው።»

«ቃሉ ላንተ ብቻ የተሰጠ መሰለህ?» አሉ አባባ። በአገጫቸው ወደ እሜቴ አሳዩ። «እሷም ሰምታለች።»

ሽማግሌ ግትር ይባላል፤ አባባ ግትር አልነበሩም። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሰው ከሰው ሲያስታርቁ፣ ዋስ እየጠሩና ዋስ እየሆኑ የኖሩ ሰው ናቸው። በመንደሩ ቃላቸው ከወረቀት ይበልጥ ነበር። በስተርጅና ለምሳር ብለው ቃል ማፍረስ አልሆነላቸውም። ወይም ደግሞ እሜቴን መቁረጥ አልሆነላቸውም፣ ዋስትናው ሰበብ ሆናቸው። እኔ ሰበባቸው ሆንኩ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት እንደ ልማዳችን ወረድን። አባባ የመጀመሪያውን ግንድ ነኩና «አሰላሙ አለይኩም» አሉ። ጠበቅን። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል፣ ከጣራው ይንጠባጠባል፣ ከአጥሩ ይንጠባጠባል። ከዛፉ ግን ጠብ የሚል ጠፋ፤ ጠብታ የሚይዝ ቅጠል አልቀረውም። ወደ ሁለተኛው አልሄዱም። ዞረው አዩኝ።

«ዋሴ፣ ከዋስትናሽ ውረጂልኝ።»

«ከወረድኩ ትቆረጣለች?»

«አዎ።»

«ካልወረድኩስ?»

«ራሷ ትሞታለች።»

ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል አላወቅኩም። ዛሬም አላውቅም። «ወርጃለሁ» አልኩ፤ እሳቸው ስለለመኑኝ ብቻ።

ጎረቤት በደቦ ወጣና ሁሉንም ቆረጠ፣ የቀረ ጤነኛ አልነበረምና። መሪጌታ ምሳራቸውን ለጀማል ሰጥተው ጀርባቸውን አዙረው ቆሙ። አባባ እሜቴ እስክትወድቅ አጠገቧ ቆዩ። ያሳዝናል ብዬ የጠበቅኩት መውደቋን ነበር። የባሰው ጭሱ ሆነ። የብርቱካን እንጨት ሲነድ ሽታው ይጣፍጣል፤ ምራቄ መጣ። እያለቀስኩ ምራቄን ዋጥኩ።

መስከረም ላይ አባቴ የወንድሜን መወለድ ምሥራች ይዞ መጣ። እሱንም «ምሥር ብላ» አሉት አባባ፣ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ልንሄድ ስንል ከጓዳ አንድ ጣሳ ይዘው ወጡ። ውስጡ ከእሜቴ የመጨረሻ ፍሬ የበቀለች ችግኝ አለች፣ ስንዝር የማትሞላ፣ ቅጠሏ ንጹሕ። መሪጌታ አዩዋት።

«ይማም፣ ችግኝ አይወጣም ብለህ አገሩን ያሳደግከው አንተ።»

«እዚህ ከማን ጋር ትቀራለች ተኮላ?» አሉ አባባ። አባባ ጣሳውን በሁለት እጄ አስያዙኝ።

«ዋሴ፣ ለዚችም ዋስ ሁኚኝ።»

«ዋስ ነኝ» አልኩ። ቁልቁለቱን በሙሉ ጣሳውን ለአባቴ አልሰጠሁትም።

ሐይቅ፣ ግቢያችን ውስጥ አንድ የሎሚ ዛፍ ነበረን። ችግኟን ጥላ እንድታገኝ ብለን ከሥሩ ተከልናት። ትርንጎ ውሃ ላይ ኔትወርክ የሚይዘው ከመንደሩ በላይ ያለው ዓለት ላይ ብቻ ነው። አባባ በጀማል ስልክ ሊደውሉልን ዱላ ይዘው እዚያ ድረስ ይወጡ ነበር። የእናቴን ደኅንነት ይጠይቃሉ፣ የሕፃኑን ይጠይቃሉ፣ ከዚያ «ዋሴን ስጡኝ» ይላሉ። ስልኩን ወደ ችግኟ አስጠጋለሁ። «አሰላሙ አለይኩም» ይላሉ ከዚያ ማዶ። እኔም ከጣቴ ጫፍ አንዲት ጠብታ ውሃ ቅጠሏ ላይ አወርዳለሁ። እንደሚሰሙት እርግጠኛ ነበርኩ። ሲስቁ እሰማቸዋለሁ።

ጥቅምት ላይ አዲስ ቅጠል አወጣች። ኅዳር ላይ አዲሱ ቅጠል ዓይን አወጣ። ያኔ ምን እንደሆነ አውቅ ስለነበር የምሥራች አላልኩም። እናቴ ቅጠሉን ቀጥፋ አቃጠለችው። ሌላው ቀጠለ። ችግኟ እንደ ቆመ ጭራሮ ሆነች፣ ከዚያ ከላይዋ ያለው ሎሚም ማራገፍ ጀመረ። አባቴ ሁለቱንም ከሥራቸው ነቀላቸውና አፈሩን በእግሩ ደለደለው። አባባ ቃላቸውን ሲጠብቁ ዛፎቹ አለቁ፤ አንድ ጊዜ ሕጋቸውን ሲጥሱ ደግሞ የእኛ ሎሚ አለቀ። የቱ ትክክል እንደነበር የሚነግረኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

በዚያው ሰሞን ስልኩ ጮኸ። እናቴ አነጋገረቻቸውና ስልኩን ስትሰጠኝ አፏን በእጇ ሸፍና ራሷን ወዘወዘች፤ እንዳትነግሪያቸው ማለቷ ነው። ወደ ግቢው ወጣሁ። ስልኩን ወደ ባዶው አፈር አስጠጋሁ።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉ አባባ።

እጄን በጣሳ ውሃ ነክሬ ነበር። ከጣቴ ጫፍ ጠብታዋን ለቀቅኩ። አፈሩ ድምፅ ሳያሰማ ጠጣት። አባባ ጠበቁ፣ ከወትሮው ይበልጥ ጠበቁ። ዓለቱ ላይ ነፋስ ሲነፍስ ይሰማኛል።

«ዋሴ።»

«አቤት አባባ።»

«ደኅና አድርገሽ ጠብቀሽልኛል። ከዋስትናሽ አውርጄሻለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ዓለቱ ላይ አልወጡም።